ቁልፉ ማን ጋ ነበር

በቆላ፣ በአንዲት የወንዝ ዳር ከተማ፣ በጎርፍ ማስጠንቀቂያ ጽሕፈት ቤት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፤ የፕሮግራም ባለሙያዋ ትርሲት ኮምፒዩተሯ ፊት ተቀምጣለች፤ አለቃዋ ኢንጂነር ልሳነወርቅ ሊያስፈርማት ያመጣውን ሪፖርት ይዞ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሟል።

ልሳነወርቅ፦ ፊርማ ነው የጠየቅኩሽ፤ ትምህርት አልጠየቅኩሽም።

ትርሲት፦ ያላነበብኩት ወረቀት ላይ አልፈርምም፣ ኢንጂነር።

ልሳነወርቅ፦ አንብቢዋ፤ አንድ ገጽ ናት። ግን ፍጠኚ። አጣሪ ኮሚቴው አራት ሰዓት ላይ ይፈልጋታል።

ትርሲት፦ «የስልክ መልእክት የሚላክበት ሚስጥራዊ ቁልፍ ከጽሕፈት ቤታችን ሊወጣ የቻለው፣ የፕሮግራም ባለሙያዋ ወይዘሪት ትርሲት አጥናፉ ቁልፉን ማንም ሊያነበው በሚችል ፋይል ውስጥ በማስቀመጧ ነው።» አራት ነጥብ።

ልሳነወርቅ፦ ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ አራት ነጥብ ይደረጋል። ይህንንም ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩሽም?

ትርሲት፦ አላለቀማ። «በማን ትእዛዝ» የሚለው ቀርቷል።

ልሳነወርቅ፦ ፋይሉን የጻፈው ማን ነው? እኔ ፕሮግራም ስጽፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ትርሲት፦ ኢሜይል ሲጽፉም አላየሁም።

ልሳነወርቅ፦ አፍሽን ሰብስቢ።

ትርሲት፦ እሺ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሱን አልክድም። ገና እንደተቀጠርኩ ነበር። ለሙከራ ብዬ ጻፍኩት፣ በሳምንቱ ላነሣው አሰብኩ። እርስዎ «ይሠራል አይደል? በቃ ተይው» አሉ። ቀጥሎ በስምንቱም ኮምፒዩተር ላይ ይገልበጥ ብለው አዘዙ። ቀጥሎ ደግሞ ታትሞ ከፕሪንተሩ በላይ በስኮች ተለጠፈ። መስኮት ሊጠግን የመጣው ሰውዬ ሳይቀር ቆሞ አንብቦታል።

ልሳነወርቅ፦ ያንብበዋ። አርባ የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደል ነው። ምን ሊገባው?

ትርሲት፦ የገባው ሰው እንዳለማ ከሦስት ሳምንት በፊት እሑድ አየነው።

ልሳነወርቅ፦ የእሑዱን አታንሺብኝ።

ትርሲት፦ ወረቀቱ የተጻፈው ስለ እሑዱ አይደል? ቁልፉን የያዘ ሰው እኛን መስሎ ለስድስት ሺህ ስልክ መልእክት ላከ። «ጎርፍ እየመጣ ነው፤ ቤታችሁን ትታችሁ ወደ ጉብታው ውጡ» ብሎ፣ በጽሕፈት ቤታችን ስም። የሦስት ቀበሌ ሰው በቀትር ፀሐይ ሕፃንና ሽማግሌ ተሸክሞ ወጣ። ውኃ የሚባል ነገር አልመጣም። ማታ ሲመለሱ ሰማንያ ሰባት ከብት ተነድቷል።

ልሳነወርቅ፦ ቁጥሩ የተጋነነ ነው። እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። አንድ ጥጃ የጠፋበት ሁለት በሬ ያስመዘግባል።

ትርሲት፦ የአቶ ጣሴ የዳሌ ስብራትስ? እሱም የተጋነነ ነው? ሽማግሌው ጉብታው ላይ ወድቀው ተሰብረው እስከ ዛሬ አልጋ ላይ ናቸው።

ልሳነወርቅ፦ እኔ ነኝ የገፋኋቸው?

ትርሲት፦ በዚህ ወረቀት መሠረት እኔ ነኝ።

ልሳነወርቅ፦ ወረቀቱ ስለ ፋይል ነው የሚያወራው። ሰው ገፋ አይልም።

ትርሲት፦ ስሜ ከነአባቴ ተጽፏል።

ልሳነወርቅ፦ ስሚ፣ ልጄ። የሚደርስብሽ ነገር የለም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጥሽና ከማኅደርሽ ጋር ይያያዛል፤ አለቀ። ወጣት ነሽ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ትገቢያለሽ። እኔ ጡረታ ሁለት ዓመት የቀረኝ ሰው ነኝ። ስሜ በአንቺ ዓይነቷ ጀማሪ ምክንያት ሊበላሽ አይገባም።

ትርሲት፦ ጀማሪዋ ሰባት ወር ሙሉ ምን ስትል እንደነበረ ለምን አልተጻፈም?

ልሳነወርቅ፦ ያችን አቀባይሽን ልታነሺ ነው።

ትርሲት፦ እሷን ነው።

ልሳነወርቅ፦ ጀመራት እንግዲህ።

ትርሲት፦ በስብሰባ ላይ ተነሥቼ ተናገርኩ። ቁልፉ ፋይል ውስጥ መቀመጥ የለበትም አልኩ። የመላኪያው ፕሮግራም ቁልፉን ይዞ መዞር የለበትም፤ «ላክ» ሲባል አንዲት ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ይጥራ። እሷ የጠየቀው ማን እንደ ሆነ አይታ፣ ቁልፉን ከተቆለፈበት አውጥታ ታቀብለው። መልእክቱ ሲሄድ ቁልፉ የትም ተጽፎ አይቅር። ይኼው ነው ያልኩት፤ ከዚህ የረዘመ ነገር አልተናገርኩም።

ልሳነወርቅ፦ አስታውሳለሁ።

ትርሲት፦ እርስዎ የመለሱትንስ?

ልሳነወርቅ፦ ቀልድ ነበር።

ትርሲት፦ «ለአንድ መስመር ጽሑፍ ገረድ ይቀጠርለት ትላለች» አሉ። አሥራ አራት ሰው ሳቀ። እኔም ተቀመጥኩ። የሚቆጨኝ የእነሱ ሳቅ አይደለም፤ መቀመጤ ነው። ፕሮግራሟን ጽፌ ጨርሼ ነበር፤ ሰባት ወር እዚሁ ኮምፒዩተር ውስጥ ሥራ ፈታ ተኛች።

ልሳነወርቅ፦ እውነቴን ልንገርሽ? አሁንም ያስቀኛል። አምስት ዓመት ተምረሽ መጣሽና ማሽን ለማሽን በጆሮው እንዲያንሾካሹክ አደረግሽ። በዚህ ወንዝ ላይ ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። መለኪያው ላይ ቆሜ ውኃውን በዓይኔ አይቼ፣ ሄጄ «ተነሡ» እል ነበር። ይነሡ ነበር።

ትርሲት፦ ያኔ ያምኑዎት ነበራ።

ልሳነወርቅ፦ አሁንስ ምን ሆኑ?

ትርሲት፦ አሁን ማንንም አያምኑም። ያለፈው ሐሙስ እውነተኛውን ስንልክላቸው ማን ተነሣ? ውኃው ወገባቸው ሲደርስ ነው፣ ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ በበቆሎው መሃል ውኃውን እየጣሱ የወጡት። በማግሥቱ ሄጄ ነበር። እዚያ የሚኖሩት ወይዘሮ ይታይሽ ምን አሉኝ መሰለዎት? «ስልኩ ቢጮህ አንነቃነቅም፤ ከእንግዲህ ውኃውን ስናየው ነው የምንነሣው።»

ልሳነወርቅ፦ እንግዲህ የራሳቸው ጉዳይ ነው። ለድንቁርና እኔ ምን ላድርግ?

ትርሲት፦ ድንቁርና አይደለም። በእኛ ስም ተታለው ንብረታቸው ተዘረፈ። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን አልነሣም።

ልሳነወርቅ፦ ይሁን፤ ፊርማውን እንመለስበታለን። እስከዚያ አዲሱን ቁልፍ በወረቀት ጻፊልኝ።

ትርሲት፦ ለምን ይፈልጉታል?

ልሳነወርቅ፦ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ስለሆንኩ። ይበቃሻል?

ትርሲት፦ መልእክት መላክ ከፈለጉ ትእዛዙን ይጻፉ፤ ይሄዳል። ቁልፉን ማየት አያስፈልግዎትም።

ልሳነወርቅ፦ ትናንት ፋይሉን ከፍቼ አየሁት። ቁልፉ በነበረበት ቦታ አንድ ስም ብቻ ነው ያለው።

ትርሲት፦ የአቀባይዋ ስም ነው። ፋይሉ አሁን ቁልፍ የለውም፤ «እሷን ጠይቅ» ብቻ ነው የሚለው።

ልሳነወርቅ፦ ጠየቅኳት። ከለከለችኝ። እኔን።

ትርሲት፦ አውቃለሁ፤ መዝግባዋለች። ትናንት አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በእርስዎ ስም፣ ሦስት ጊዜ። ለመላኪያው ፕሮግራም ታቀብላለች እንጂ ለሰው ዓይን አታሳይም። ለእኔም ቢሆን።

ልሳነወርቅ፦ በገዛ ቢሮዬ በአንዲት ከምንም በማትቆጠር ፕሮግራም ልመዘገብ?

ትርሲት፦ የድሮው ፋይል ማን እንዳየው አይመዘግብም ነበር። ለዚህ ነው ይኼን ሁሉ ወረቀት የምንጽፈው።

ልሳነወርቅ፦ አታሹፊብኝ። አሮጌው አልሠራ ብሏል፤ ሥራ ሊቆምብኝ አይችልም። አዲሱን አሁን ስጪኝ።

ትርሲት፦ ምን አሉ?

ልሳነወርቅ፦ አዲሱን ስጪኝ አልኩ።

ትርሲት፦ ከዚያ በፊት ያሉትን።

ልሳነወርቅ፦ አሮጌው አልሠራ አለ። ምን ይገርማል? ራስሽ አይደለሽ ያሰረዝሽው?

ትርሲት፦ አዎ፣ በማግሥቱ ሰኞ፣ መልእክት አስተላላፊው ድርጅት ጋ ደውዬ። አቀባይዋንም በዚያው ቀን ሥራ አስጀመርኳት። መሰረዙን ሁሉም ሰው ያውቃል። «አልሠራ አለ» ለማለት ግን ሞክሮ ያየ መኖር አለበት።

ልሳነወርቅ፦ እና?

ትርሲት፦ በዚህ ቢሮ የሚሞክረው የለም። ስምንቱም ኮምፒዩተር የሚልከው በአቀባይዋ በኩል ነው፤ የማንም ሥራ አንድ ቀን አልቆመም። አልሠራ የሚለው አሮጌውን ቁልፍ ራሱን በእጁ ለያዘ፣ ለውጭ ሰው ብቻ ነው። ማን ነው አልሠራም ያለዎት?

ልሳነወርቅ፦ እኔ ራሴ ሞከርኩት።

ትርሲት፦ በምን ሞከሩት?

ልሳነወርቅ፦ በኮምፒዩተር ነዋ። በምን ይሞከራል?

ትርሲት፦ የእኛ ፕሮግራም ቁልፍ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ከየት በኩል አስገቡት?

ልሳነወርቅ፦ አንቺ መርማሪ ነሽ?

ትርሲት፦ አይደለሁም። መርማሪዎቹ አራት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። እኔ ቀለል አድርጌ ነው የምጠይቅዎት።

ልሳነወርቅ፦ መንበሩ ነው።

ትርሲት፦ መንበሩ ማነው?

ልሳነወርቅ፦ ካርድ አታሚው። ገበያው ዳር ቤት ያለው።

ትርሲት፦ ካርድ አታሚ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ቁልፍ ምን ይሠራለታል?

ልሳነወርቅ፦ ለልጄ ሠርግ ነበር። የጥሪ ካርድ አሳትሜ ነበር፤ በየቤቱ የሚያድል ሰው ጠፋ። «በስልክ እንላከው፤ ዘመኑ እሱ ነው፤ መላኪያ ካላችሁ እኔ እጨርሰዋለሁ» አለኝ። ከግድግዳው ላይ ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም ላክሁለት። ያንቺን አቀባይ አልጠራሁም። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ትርሲት፦ መቼ ነው ጥሪው የተላከው?

ልሳነወርቅ፦ ግንቦት መጀመሪያ ላይ፣ ቅዳሜ ቀን።

ትርሲት፦ ለስንት ሰው?

ልሳነወርቅ፦ ለአራት መቶ ምናምን።

ትርሲት፦ ለአራት መቶ አሥራ ሁለት።

ልሳነወርቅ፦ አንቺ በምን አወቅሽ? አልተጠራሽም እኮ።

ትርሲት፦ አልተጠራሁም። ቁጥሩን ያወቅኩት ከድርጅቱ ነው። በአሮጌው ቁልፍ የተላከውን ሁሉ፣ ከየትኛው ኮምፒዩተር እንደተላከ ጭምር ዘርዝረው እንዲልኩልኝ ጠይቄ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። የእሑዱን የሐሰት መልእክት የላከው ኮምፒዩተር ከእኛ ቤት አይደለም። ግን ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ ልኳል፤ በግንቦት፣ በአንድ ቅዳሜ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት መልእክት። ቁጭ ብዬ ሳየው ነበር። ምን እንደ ሆነ አልገባኝም ነበር።

ልሳነወርቅ፦ ያው ኮምፒዩተር ነው?

ትርሲት፦ ያው ኮምፒዩተር ነው።

ልሳነወርቅ፦ መንበሩ የተከበረ ሰው ነው። ለልጄ መቶ ካርድ በነፃ ነው የጨመረልኝ።

ትርሲት፦ ትናንት ደግሞ ምን ብሎ ነው የደወለልዎት?

ልሳነወርቅ፦ «አሮጌው አልሠራ አለኝ፤ የታናሿ ልጅዎ የምርቃት ጥሪ እንዳይዘገይ አዲሱን ይላኩልኝ» አለ።

ትርሲት፦ የምርቃቱን ጥሪ አዘውት ነበር?

ልሳነወርቅ፦ አላዘዝኩትም። ራሱ ነው ያነሣው። እኔማ አሳቢነቱ ደስ ብሎኝ ነበር።

ትርሲት፦ ሮጠው መጥተው ሦስት ጊዜ ጠየቁለት።

ልሳነወርቅ፦ ትርሲት።

ትርሲት፦ አቤት።

ልሳነወርቅ፦ የመንበሩ ወንድም ከብት ነጋዴ ነው።

ትርሲት፦ ይቀመጡ፣ ኢንጂነር። ወንበሩ ከኋላዎ ነው።

ልሳነወርቅ፦ ዝርዝሩን ማን አይቶታል?

ትርሲት፦ እስካሁን እኔ ብቻ።

ልሳነወርቅ፦ እንግዲያው ይኼን ወረቀት እንቅደደው። ሌላ እጽፋለሁ። «ማንነቱ ያልታወቀ ሌባ ከውጭ ሰብሮ ገብቶ» እንላለን። አንቺም የለሽበት፣ እኔም የለሁበት። አቀባይሽንም እጠቅሳታለሁ፤ «በባለሙያዋ ብርቱ ጥረት» ብዬ። የምስጋና ወረቀት አሰጥሻለሁ። ማኅተም ያለው።

ትርሲት፦ ከአሥር ደቂቃ በፊት ጀማሪ ነበርኩ።

ልሳነወርቅ፦ ሰው ሲናደድ ብዙ ይናገራል።

ትርሲት፦ አልተናደዱም ነበር። ተመችቶዎት ነበር።

ልሳነወርቅ፦ ምንድን ነው የምትፈልጊው? በግልጽ ንገሪኝ።

ትርሲት፦ የላይኛው መለኪያ ከንጋት ጀምሮ አንድ ሜትር ከሃያ ጨምሯል።

ልሳነወርቅ፦ ዛሬ?

ትርሲት፦ ዛሬ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታች ቀበሌዎቹ ይደርሳል። የሐሙሱ እዚያው መለኪያ ላይ ግማሽ ሜትር ብቻ ነበር፤ ይኼ እጥፉን ይበልጣል። ማስጠንቀቂያውን አንድ ሰዓት ላይ ልኬዋለሁ። ስድስት ሺውም ስልክ ደርሶታል።

ልሳነወርቅ፦ ጥሩ ነዋ። ሥራችንን ሠርተናል።

ትርሲት፦ ሁለት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ይታይሽ ጋ ደወልኩ። ልብስ እያጠቡ ነበር። መልእክቱ ደርሶዎታል ወይ ስላቸው «ደርሶኛል» አሉ። ጎረቤቱስ ብላቸው «ሁሉም ቤቱ ነው፤ ላሙን ትቶ የሚወጣ የለም» አሉኝ። ከዚያ የውኃ ባልዲ ሲያንቋቁ ሰማሁ። ስልኩን አልዘጉትም፤ እንዲሁ አስቀምጠውት ማጠብ ቀጠሉ።

ልሳነወርቅ፦ ይኼን እያወቅሽ ነው እዚህ ቁጭ ብለሽ ከእኔ ጋር ስለ አራት ነጥብ የምትከራከሪው?

ትርሲት፦ ሾፌሩ ነዳጅ ሊቀዳ ሄዷል። እሱን እየጠበቅኩ ነው። እርስዎ በመሃል መጡ።

ልሳነወርቅ፦ ሄደሽስ ምን ትያቸዋለሽ?

ትርሲት፦ የሆነውን እነግራቸዋለሁ። ቁልፉን ፋይል ውስጥ የጻፍኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ከዚያ ማን አውጥቶ እንደሰጠ ይጠይቁኛል።

ልሳነወርቅ፦ ስሜን ልትጠሪ ነው?

ትርሲት፦ አብረውኝ ከመጡ እርስዎ ይናገራሉ። ካልመጡ እኔ እናገራለሁ።

ልሳነወርቅ፦ በእነዚያ ሰዎች ፊት? ጫማቸውን በትክክል በማያስሩ ሰዎች ፊት ቆሜ «ለልጄ ሠርግ ስል» ልበል?

ትርሲት፦ ጫማቸውን እንዴት እንደሚያስሩ አላየሁም። ሰማንያ ሰባት ከብት ያጡ ሰዎች ናቸው።

ልሳነወርቅ፦ አንቺ ንገሪያቸው። ለወጣት ያዝናሉ።

ትርሲት፦ እኔን አያውቁኝም። ሁለት ጊዜ ያዩኝ የከተማ ልጅ ነኝ። እርስዎን ያውቁዎታል። ከቢሮ የመጣ ሰው «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ሲል ሰምተው አያውቁም። እሱን የሚል ሰው ቀጥሎ «የዛሬው ውኃ እውነት ነው» ቢላቸው ይሰሙታል። ሌላ የሚሰሙት ነገር የለኝም። መልእክቱንም ስልኩንም ሞክሬ ጨርሻለሁ።

ልሳነወርቅ፦ ይደበድቡኛል።

ትርሲት፦ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ግን ወደ ጉብታው ይወጣሉ።

ልሳነወርቅ፦ ኮሚቴውስ? አራት ሰዓት ላይ ቀጥሮኛል።

ትርሲት፦ ዝርዝሩን አትሜ ጠረጴዛዬ ላይ እተውላቸዋለሁ። ሁለት ገጽ ነው። የመንበሩን ስም በእስክሪብቶ ከጎኑ ይጻፉበት፤ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።

ልሳነወርቅ፦ ልጄ ትሰማለች። ከተዳረች ገና ሦስት ወሯ ነው። አማቾቿ ምን ይሏታል?

ትርሲት፦ እሱን አላውቅም። ውኃው ግን የሚደርሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ታች ለመድረስ ደግሞ በዚህ መንገድ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ጥሩምባውን ሰሙ? መኪናው መጥቷል።

ልሳነወርቅ፦ እስክሪብቶ ስጪኝ።

ትርሲት፦ ይኸው።

ልሳነወርቅ፦ የወንድምየውንም ስም ልጻፍ?

ትርሲት፦ ይጻፉ። ይፍጠኑ ግን፤ ሾፌሩ ሞተር አላጠፋም።

ልሳነወርቅ፦ ጨረስኩ። ጋቢና ቦታ አለ፣ ወይስ ከኋላ ልውጣ?